ለገዳዩ የተዋስኩት ድምፅ

ሥራ አስኪያጃችን የጻፈውን የወንጀል ልብ ወለድ በሬዲዮ እንድተርከው ሲያዘኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት መጽሐፉን ከኋላ መክፈት ነው። ገዳዩን ሳላውቅ በምን ድምፅ እንደማነበው አላውቅማ! የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ፤ አልገባኝም። ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ጭራሽ ባሰብኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታሪኩ ግሩም ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሴቶች ተራ በተራ ይሞታሉ። አንዷ ከደረጃ ወድቃ፣ አንዷ ገንዳ ውስጥ ሰምጣ፣ ሁሉም አደጋ ይመስላል። አለቃችን ወንጀሉን ያቀነባበረበት መንገድ ቀላል አይደለም፤ አንዴ ከተፈታላችሁ ቁጭ ብላችሁ ታደንቁታላችሁ። ችግሩ እስኪፈታ ነው። አጻጻፉ ድመት የተጫወተችበት ክር ነው። በአንድ ገጽ ላይ አምስት ሰው ያወራል፣ ማን ምን እንዳለ ግን አይታወቅም። በአንደኛው ምዕራፍ የተቀበረች ሴት በሚቀጥለው ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች፤ ነገሩ የድሮ ትዝታ መሆኑን የምትረዱት ሟቿን ጨርሶ ከረሳችኋት በኋላ ነው። ይህን ደግሞ ለአለቃ ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ ደሞዜን እወዳለሁ።

«ለያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ስጪው» አለኝ የድምፅ ቴክኒሺያናችን። ሁላችንም ባለጆሮው ነው የምንለው፤ ከሁለት ክፍል ማዶ የሚንሾካሾክ ሰው ሳይቀር ይሰማል። «አድማጭ በጽሑፉ መለየት ካቃተው በጆሮው ይለያቸው።»

እኔ ትወና የሚባል ትምህርት አልቀመስኩም። ያለኝ ነገር ቢኖር ሰው መኮረጅ ነው። በልጅነቴ የጎረቤቱን ሁሉ ድምፅ እያወጣሁ እህቴን በሳቅ አፈርሳት ነበር። ስለዚህ ድምፅ ሲያስፈልገኝ ከማውቃቸው ሰዎች ወሰድኩ። መርማሪዋን እንደ ኬሚስትሪ አስተማሪዬ በአፍንጫዬ አናገርኳት። የሆቴሉን ባለቤት ኪራይ ልትጨምር ስትል እንደምትለሳለሰው አከራዬ አደረግኳት። ገዳዩ ቀረ። መጽሐፉ ስለ እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ለመስማት ይጠጋዋል።

ይህን ሳነብ የእህቴ ባል ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

የእህቴ ባል መነጽር ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ፊት ስር ሆኖ ስለሚውል ይመስለኛል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ለእሱ ሴት ሁሉ «የኔ እመቤት» ናት። ሰው ተጨንቆ ካየ ደግሞ የጣቱን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ኳ፣ ኳ እያደረገ «ምን ቸገረሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ይላል። ይህን ሁሉ እንዳለ ገልብጬ ለገዳዩ ሰጠሁት። በመጽሐፉ ውስጥ ቀለበትም የለ፣ «አለሁልሽ»ም የለ፤ ከራሴ ጨመርኩ። በክፋት አልነበረም። እንዲያውም እወደው ነበር። እኔን ለማሳደግ ስትል ወጣትነቷን የሠዋች እህቴን አግብቶ፣ ጫማዋን ሳይቀር ጎንበስ ብሎ የሚያስርላት ሰው ነው፤ እንዴት አልወደውም?

ዝግጅቱ በአንዴ ተወደደ። በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ «እኔ አለሁልሽ» መቀለጃ ሆነ። ሥራ አስኪያጃችን «በመጨረሻ ሕዝቡ ብዕሬን ተረዳው» እያለ ኮሪደሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደድ ጀመር። እኔና ባለጆሮው አንገታችንን እየነቀነቅን እናሳልፈዋለን።

አንድ ቀን ጠዋት የበሩ ጥበቃ ደወለልኝ። «አንዲት ሴትዮ አንቺን ሳላይ አልሄድም ብላ ቆማለች» አለኝ። አድናቂ መስሎኝ ከንፈሬን ቀባ ቀባ አድርጌ ወረድኩ።

ሴትየዋ ጠና ያለች ናት። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ሳታወርድ ነው የመጣችው። ልብስ ሰፊ መሆኗን እሱን አይቼ ገመትኩ። እጄን ብዘረጋላትም አልጨበጠችኝም።

«ያንን ሰውዬ የት ነው የምታውቂው?» አለችኝ።

«የቱን ሰውዬ?»

«ገዳዩን።»

ሳቄ መጣ። «እናቴ፣ እሱ እኮ ልብ ወለድ ነው። አለቃዬ ከጭንቅላቱ ያመጣው ነው።»

«መጽሐፉን ገዝቼ አንብቤዋለሁ።»

«ገባሽ እንዴ?» አልኳት ሳላስበው።

«አልገባኝም። ግን ‹እኔ አለሁልሽ› የሚል የለበትም። ቀለበቱን የሚያንኳኳ ሰውም የለበትም። ያንን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማው መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ልጄ፣ እሱ የእህቴ ባል ነው። እህቴን የገደላት ሰው ነው።»

ጥበቃው ወሬያችንን እንዳይሰማ ይዣት ወደ ግቢው አግዳሚ ወንበር ሄድኩ። እዚያ ነገረችኝ። ሌላ ከተማ ነው የሆነው፣ ከሰባት ዓመት በፊት። እህቷ የማብሰያውን ጋዝ ክፍት ትታ ተኝታ ሞተች ተባለ። ባሏ ያን ሌሊት ለሥራ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ለወራት ልብስ ሰፊዋን ዳር ይዞ «እህትሽ መርሳት ጀምራለች። እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች» ይላት ነበር። እሷም አዝና ለዘመድ አወራች፣ ለጎረቤት አወራች።

«ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቀኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ «‹አዎ፣ ትረሳ ነበር› አልኩ። እኔው ራሴ መሰከርኩለት። በኋላ ነገሩ ሲገለጥልኝ ብጮህ ማን ይስማኝ? ማስረጃ አምጪ አሉኝ። እሱ ቤቱንም ሱቁንም ሸጦ ሄዷል።»

«የምን ሱቅ?» አልኩ።

«መነጽር ቤት ነበረው።»

ስልኬን አወጣሁ። የእህቴን የሠርግ ፎቶ ከፍቼ አቀበልኳት። አየችው። ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ሰው ደነገጥኩ ሲል እሰማ ነበር እንጂ እስከዚያች ቀን መደንገጥ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ምክንያቱም ባለፈው ወር የእህቴ ባል ደውሎልኝ ነበር። በዚያች ለስላሳ ድምፁ «ትንሿ፣ እህትሽ መርሳት ጀምራለች። ምድጃ ከፍታ ትተዋለች። እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች» ብሎኛል። እኔም አልቅሻለሁ። ለባለጆሮው ነግሬዋለሁ፣ ለአከራዬ ነግሬያታለሁ፣ ለአክስቶቻችን አንድ በአንድ ደውያለሁ። እህቴ ሳትሞት የምስክርነት ቃሌን ሰጥቼ ጨርሻለሁ ማለት ነው!

ልደውልላት አልቻልኩም፤ ስልኳን «እየጣለች አስቸገረችኝ» ብሎ እሱ ነው የሚይዘው። ፖሊስ ጋ ብሄድ ምን ልበል? በሬዲዮ ገዳይ አድርጌ ስሠራው ታወቀ ልበል? መጀመሪያ እህቴን ከዚያ ቤት ማውጣት ነበረብኝ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መላ የመታው ባለጆሮው ነው። ትረካው የሚተላለፈው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሁልጊዜም በቀጥታ። ያን ሰዓት የእህቴ ባል ሱቁ ውስጥ ነው፤ እህቴ ብቻዋን ቤት ናት። «የዛሬውን ክፍል አሁን እንቅረጸው» አለ። «እኔ በሰዓቱ እለቀዋለሁ። ዓለም ሁሉ ስቱዲዮ ያለሽ ሲመስለው አንቺ እህትሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።» ልብስ ሰፊዋ ታክሲ ይዛ ከሕንፃው በታች ልትጠብቀን ተስማማች። የእህቴ ባል «እኔ ሬዲዮ ራሴን ያመኛል» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ስጋት አልነበረኝም።

ቀረጻ ጀመርን። መርማሪዋን አነበብኩ፣ የሆቴሉን ባለቤት አነበብኩ። ገዳዩ ጋ ስደርስ ያ ድምፅ እምቢ አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። «የኔ እመቤት» ማለት አቃተኝ። ሰዓቱ ደግሞ እየሄደ ነው። ተስፋ ስቆርጥ የአንድ የማውቀውን የጭነት መኪና ሾፌር ወፍራም ድምፅ አውጥቼ ገዳዩን በእሱ ጨረስኩት። ቀለበቱንም ተውኩት። ባለጆሮው ከመስታወቱ ማዶ ቅንድቡን ሰቀለ። «እባክህ ተወኝ» ብዬ እጄን አወናጨፍኩበት፣ ዝም አለ። እሱ ዝም ባይል ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ እበሳጫለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

እህቴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። እየሮጥኩ ወጣሁ። በሩ ሲንኳኳ የምትከፍተው በጥቂቱ ነበር፤ ያን ቀንም በስንጥቁ አየችኝ። ከውስጥ ከወጥ ቤቱ ሬዲዮ የራሴ ድምፅ ይሰማል። እህቴ እኔን አየች፣ ዞራ ወደ ሬዲዮው አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«በቃ» አለች። «በቃ አበድኩ።»

«እታለም፣ አላበድሽም! የተቀረጸ ነው።»

«እየሰማሁሽ ነው እኮ፤ እዚያ ውስጥ ነሽ።»

«ጠዋት ነው የቀረጽነው። እኔ ነኝ፣ ንኪኝ።»

ነካችኝ። ጉንጬን፣ ትከሻዬን ዳበሰችኝ፤ ከዚያ እፎይ ብላ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ከስታለች። ስትስቅ እንኳ ስህተት እንዳትሠራ የምትጠነቀቅ ትመስላለች። «አትፍረጂብኝ» አለችኝ። «ጭንቅላቴ አልቋል። ትናንት ሳሙናውን ከስኳር ዕቃ ውስጥ አገኘልኝ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት አሉ። እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር!»

«ልብስሽን ልበሺና እንውጣ» አልኳት። «ስቱዲዮ ላሳይሽ።»

«ሳልነግረው? እሱም እኮ አሁን እየሰማሽ ነው። ዝግጅትሽ አንድ ቀን አያመልጠውም።»

«ማን?»

«ባለቤቴ ነዋ! ትንሿን ሬዲዮ ሱቅ ወስዷታል። መጀመሪያ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ‹እህቴ አንተን ገዳይ አድርጋሃለች› ብዬ እንዴት ሳቅሁ! እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ይሰማል። ማን ምን እንዳለሽ፣ ሰው ደውሎ እንደሆነ፣ ሁሉን ይጠይቀኛል።»

ልክ በዚያች ቅጽበት ሬዲዮው ላይ ገዳዩ መናገር ጀመረ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ የሾፌር ድምፅ።

እህቴ ቅር አላት። «ምነው ለወጥሽው? የድሮው አይሻልም ነበር?»

ሱቁ ውስጥ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ስር አድርጎ የተቀመጠ ሰው ታየኝ። ለወራት የራሱን ድምፅ ከአፌ ሲሰማ ቆይቶ ዛሬ በድንገት አጣው። ቀልድ ቢሆን ኖሮ ለምን አቆማለሁ? የማቆመው ስላወቅኩ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ሱቁ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

«ተነሽ!» አልኩ። «አሁኑኑ! ሊገድልሽ ነው!»

«ማን?»

«ባልሽ! ልብስ ሰፊዋ… እህቷ ጋዙን… አይ፣ መጀመሪያ መነጽር ቤቱ… እሷ ራሷ መሰከረች፣ ከሞተች በኋላ፣ ማለቴ ‹ትረሳለች› ብላ…»

«ማን ናት የሞተችው? ልብስ ሰፊዋ?»

«እህቷ!»

«የማን እህት? እኔ?»

ስንት ወር ሙሉ የሳቅሁበት አለቃዬን ሆኜ አረፍኩት። ታሪኩ እጄ ላይ አለ፣ እውነት ነው፣ ሕይወት ያድናል፤ ግን መሃሉን ከፊት፣ ጫፉን ከመሃል እያመጣሁ አወላገድኩት። ፎቶውን አልኳት፣ ታክሲውን አልኳት። እህቴ በሐዘኔታ ታየኝ ጀመር። እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«የኔ ቆንጆ፣ ሥራ አብዝተሻል» አለች። «ይሄ መጽሐፍ ነው የሚያደርግሽ። ሻይ ላፍላልሽ። እሱ ሲመጣ ሐኪም ቤት ይወስድሻል።»

ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ያ ነው። እሱ ከሚመጣበት ደረጃ ይልቅ የእህቴ ዓይን አስፈራኝ። ከራሷ ጭንቅላት ይልቅ እሱን አምናለች፤ የእኔ ጭንቅላት ደግሞ ከእሷ የባሰ ሆኖ ታይቷታል። ጎትቼ ላወጣት አልችልም፤ ከእኔ ትጠነክራለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ኩባያ ማጠብ ጀመረች።

ያኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠዋት እምቢ ያለኝን ድምፅ ከጉሮሮዬ ፈልፍዬ አወጣሁት።

«የኔ እመቤት» አልኩ በእሱ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጌ። «ምድጃውን ደግሞ ከፍተሽ ተውሽው?»

ኩባያው ከእጇ አመለጠ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ወደ ምድጃው ሮጠች። ማጥፊያውን ያዘችው። ዝግ ነበር። ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር። እጇ እዚያው ላይ እንዳለ ቆመች።

ልቤ እየደማ ቀጠልኩ። «ምን ቸገረሽ፣ እኔ አለሁልሽ። ትናንት ማን ነው ያጠፋው?»

«አንተ» አለች፣ ለምድጃው ይመስል።

«ከትናንት ወዲያስ? ክፍት ሆኖ ያገኘው ማን ነው?»

«አንተ።»

«አንቺስ ክፍት ሆኖ ያየሽው መቼ ነው?»

አሰበች። «እኔ» አለች ቀስ ብላ «እኔ አላየሁትም። አንድም ቀን። ሁልጊዜ የምትነግረኝ አንተ ነህ።»

ከዚያ ዞረች። እኔን አየችኝ፣ ትንሽ እህቷን፣ እንባዬ እስከ አገጬ ወርዶ። አፏን በእጇ ያዘች። በእርጥብ እጇ እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ከቤት አወጣችኝ፤ ጫማ እንኳ አልቀየረችም፣ በቤት ነጠላ ጫማዋ ነው የወጣነው። ሬዲዮው ከኋላችን ማውራቱን ቀጠለ።

ከሦስተኛው ፎቅ ስንወርድ ከሥር የእግር ኮቴ ሰማን። አይቸኩልም። እያንዳንዱን ደረጃ ረግጦ ነው የሚመጣው። ተመልሰን እንዳንወጣ ከላይ ያለው ቤቱ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ ምንጣፍ ታራግፋለች። እዚያ ተገናኘን።

ሱቅ ውስጥ የሚለብሰውን ነጭ ጋውን አላወለቀም። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ፊቱ ግን ፈገግታውን አልተወም።

«ትንሿ፣ እኔ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ነሽ ብዬ» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። በድምፄ የምኖር ሰው አንዲት ቃል አጣሁ። እሱ ከእኔ አልፎ እህቴን አየ፤ እጁን ዘረጋላት።

«የኔ እመቤት፣ ወዴት ነው በነጠላ ጫማ? ምድጃውን ከፍተሽ ነው የወጣሽው። እዚህ ድረስ ይሸታል። ነይ፣ አብረን እንየው።»

እጄን የያዘው የእህቴ እጅ ላላ። አንድ እግሯ ወደ ላይ ተመለሰ። አይዟችሁ የሚል ሰው የለ፣ የሚጮህ ድምፅ የለኝ፤ እህቴ ዓይኔ እያየ ልትሄድ ነው አልኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም።

እህቴ ግን ቆመች። በአፍንጫዋ አየር ሳበች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ሳበች፣ ረዘም አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«አይሸትም» አለች።

«የኔ እመቤት…»

«አይሸትም። አልከፈትኩትም።» ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ፤ ስታሳድገኝ እንኳ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼያት አላውቅም። «አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም! ሰምተሃል? አንድም ቀን!»

ደረጃው ከላይ እስከ ታች አስተጋባ። ምንጣፍ የምታራግፈው ሴትዮ ሥራዋን አቆመች። እሱ ወደ እሷ ዞሮ በትሕትና ፈገግ አለ። «ባለቤቴ ትንሽ አሟት ነው» አላት። «ትረሳለች።»

«እኔም ምንም አልሸተተኝ» አለች ሴትየዋ። ምንጣፉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከበሯ ወጣ አለች እንጂ አልገባችም። ከላይም አንድ በር ተከፈተ፣ ከታችም የሰው ድምፅ ተሰማ። እሱ ሁሉንም ተራ በተራ አየ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ መንገድ ለቀቀልን፤ እንግዳ እንደሚያሳልፍ ጨዋ ሰው።

በአጠገቡ ሳልፍ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ተናገረ። መነጽር ሲለካልኝ እንደሚያደርገው በጣም ተጠግቶ።

«ድምፁን ባትቀይሪው ይሻልሽ ነበር» አለኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ የታክሲውን በር ከፍታ ቆማ ነበር። ገባን። ሾፌሩን «ፖሊስ ጣቢያ» ያለችው እሷ ናት። እህቴ በመሃላችን ተቀምጣ ወደ ኋላ መስታወት ዞራ ሕንፃውን እያየች ነበር። ከታጠፍን በኋላም ወደዚያው ታያለች። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። እስከዚያች ሰዓት አንዳቸው የአንዳቸውን ፊት በቅጡ አላዩም።

«እህትሽ» አለቻት «እውነት ትረሳ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ይዛ ጨበጠችው።

«ምንም አትረሳም ነበር» አለች። «ቤተሰቡ ውስጥ የሁላችንንም የልደት ቀን የምታስታውሰው እሷ ነበረች። እኔ ነኝ ያመንኩት።»

እህቴ የሴትየዋን እጅ ወስዳ በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ። ለአክስቶቻችን አንድ በአንድ መደወሌን ገና አታውቅም። ጣቢያው ደርሰን ታክሲው እስኪቆም ድረስ ልነግራት አልደፈርኩም።